ከመቶ ኪሎ ሜትር በፊት

ቁሐር ሚካኤል፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ታደለ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ሻርጃ ላይ ክረምት እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ሳልጠይቅ ብጀምር እናቴ ወረቀቱን ታስቀድደኛለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ውኃው ዘንድሮ እስከ አጥራችን መጥቶ ተመለሰ፤ ሩዙ ግን ጠግቦ ጠጥቶ ወገብ ደርሷል። እናቴ ጥሩብርሃን ሰላም ብላዎታለች። እግሯን አልፎ አልፎ ከሚያማት በቀር ደህና ናት።

በደብዳቤ የመጣሁት ስልኩ እምቢ ስላለ ነው። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም "አጎቴ" ብዬ ሳልጨርስ ይቆረጣል። ባሕር ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ማህደር አንድ ዘዴ አምጥታለች። እኔ በእጄ ጽፌ በሚኒባስ እልክላታለሁ፣ እሷ ፎቶ አንስታ ለእርስዎ ትልካለች፣ የእርስዎን መልስ ደግሞ አትማ በዚያው ሚኒባስ ትሰድልኛለች። ፊደሌን ስታይ እንዳትስቅ አስምያታለሁ።

ጉዳዬ ይኸውልዎት። አምና የገዛኋትን አሮጌ ፒካፕ ያስታውሷታል። ጭቃውን እንድትችል ብዬ ወረታ ላይ ሰፋፊ ጎማ አስገጠምሁላት። አሁን ጎማው ከኋላ ባሌስትራውን ይፈትጋል፣ ከፊትም መሪውን አጥብቄ ሳዞር ብረት ይነካና ይጮኻል። ሩዝ ጭኜ የእርሻ መንገድ ላይ ስወጣ ደግሞ ወደ ጎን ታጋድላለች። ጎሚስታው "እስፔሰር አስገባበት" አለኝ። በቸርኬውና ጎማው በሚቀመጥበት ብረት መካከል የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው፤ ጎማውን ወደ ውጭ ገፋ ያደርገዋል። ለእርስዎ ይህን ማስረዳቴ ድፍረት ነው፤ ስንት ዓመት ጎማ ቤት የሠሩ ሰው ነዎት። አራት ቢልኩልኝ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ራሴ እገጥመዋለሁ።

የምቸኩለው ለኅዳር ሚካኤል ነው። ሰበካ ጉባኤው በበዓሉ ዕለት መራመድ ያቃታቸውን ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ከየጎጡ አምጥቼ እንድመልስ ለምኖኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ይሠራው የነበረ ሥራ ነው ይላሉ ሰዎቹ።

መልስዎን የምጠብቅ የወንድምዎ ልጅ፣
ሰውመሆን አዳሙ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውመሆን፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለእናትህ እጅ ንሣልኝ። የጻፍኸው ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

እስፔሰሩን አትግጠም። ሰፊውን ጎማ መልስና የድሮውን አግባ። ለሚካኤል ሰዎቹን በባጃጅ ያምጧቸው። ሌላ የምትፈልገው ነገር ካለ ጻፍልኝ፤ ልብስም ቢሆን፣ ለእናትህ እግር መድኃኒትም ቢሆን እልካለሁ።

አጎትህ ታደለ


ቁሐር ሚካኤል፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን። ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ ሥራ የለም፤ ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ተመቸኝ። እናቴን እንደሚያውቋት ናት። በሚካኤል ቀን መርፌ እንኳ አታስነሳም፤ ብረት ነገር ከነካሁማ ጠበል ካልተረጨህ አትገባም ብላ ደጅ ታስቆመኛለች።

አጎቴ፣ ደብዳቤዎ አጠረብኝ። አምና ስለ በግ አገዛዝ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ የመከሩኝ ሰው ለመኪና አራት መስመር ብቻ ሲጽፉልኝ ግራ ገባኝ። ተቆጡ እንዴ? ለምን እንዳልገጥም ምክንያቱን አልነገሩኝም። የድሮውን ጎማ ለአንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ ሸጬዋለሁ፣ እሱም በማግስቱ ገጥሞበት ሄዷል። ባጃጅ የሚሉትም የእኛን መንገድ ረስተውት ይሆናል፤ ውኃው የተወው ቦይ ገና አልደረቀም፣ ባጃጅ ገብቶ በሰው ትከሻ ይወጣል።

እናቴን "አጎቴ ለምን የከለከለኝ ይመስልሻል?" ብዬ ጠየቅኋት። ነጠላዋን አስተካከለች። "እሱ የሚልህን ስማ" ብላ ተነሥታ ወጣች። ስለ እርስዎ ሳነሣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ሰላምታ ትልካለች እንጂ ወሬውን አታስቀጥለኝም። ሁለታችሁ ተኳርፋችሁ ከሆነ ያስታረቃችሁ ሰው የለም ማለት ነው፤ እኔ አልሰማሁም።

ወረታ ላይ አንድ የቶርኖ ባለሙያ አለ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት ቀለበቱን ቆርጦ በሦስት ቀን እሰጥሃለሁ ብሎኛል። እርስዎ ካልላኩልኝ የእሱን ልገጥም ነው። ቃሌን ለሰበካ ጉባኤው ሰጥቻለሁና መመለስ አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።

ሰውመሆን


ሻርጃ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውመሆን፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ይህን ደብዳቤ ከዕቃው ጋር ይዞ የመጣው ማረው ይባላል፤ አብሮኝ የሚሠራ የደራ ልጅ ነው፣ አመስግነው።

ቶርኖ ቤት ያስቆረጥኸው ካለ ሽጠው ወይም ጣለው፣ መኪናህ ላይ ግን እንዳይወጣ። ለመኪናህ ዓይነት የተሠሩ አራት እስፔሰሮች ልኬልሃለሁ። አብሮ ያለው ረዥሙ ቁልፍ ተራ ቁልፍ አይደለም። ቁጥሩን ሞልተህ ስታጠብቅበት ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። ቀጭ ካለ በኋላ በጉልበት አትጨምርበት፣ ቀጭ ሳይልም አትተወው። ቁጥሮቹን ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ በቀይ አክብቤልሃለሁ።

መኪናዋን ደረቅና ሜዳ መሬት ላይ አቁማት። ግቢህ ረጥቦ ከሆነ ጠጠሩ መንገድ ላይ አውጣት፤ ለስላሳ መሬት ላይ ክሪክ ይሰምጣል። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ማርሽ ውስጥ አግባ፣ የማታነሣቸውን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስደግፍ። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጋቸው። ከዚያ አንድ ጎማ ብቻ አንሣ፣ ከሥሩም የብረት መቆሚያ አስገባ። ክሪክን ብቻ አትመን። እንጨት ወይም ድንጋይ ደርድረህ ከሥር እንዳትገባ፣ በእናትህ።

ጎማው ሲወጣ የሚቀመጥበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትገው። ዝገት ወይም ጭቃ የምስር ፍሬ ታክል ቢቀር እስፔሰሩ አይተኛም፤ ዛሬ የጠበቀው ነገ ይላላል። ፎገራ ላይ ውኃው ብረት ስለሚበላ ሁሉን ነገር ግራሶ የመቀባት ልማድ አለ፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ብሎኑ ላይ ግራሶ እንዳታስነካ። ቁልፉ ይሳሳታል። እስፔሰሩን በእጅህ ስትገፋው ዙሪያውን ገጥሞ መቀመጥ አለበት፤ ክፍተት ካየህ ተወውና ጻፍልኝ። የመኪናው ብሎኖችም ከእስፔሰሩ ፊት አልፈው ከወጡ ቸርኬው አይተኛምና እሱንም ተወው። ስታጠብቅ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየዘለልህ አጥብቅ እንጂ በዙሪያ አትሂድ። መጀመሪያ እስፔሰሩን፣ ከዚያ ጎማውን፤ የመጨረሻውን ልክ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ። አራቱም ሲያልቅ መሪውን እስከ ጥጉ ግራና ቀኝ አዙርና የሚነካ ነገር እንደሌለ እይ።

የመጨረሻው ዋናው ነው። ከሰማንያ እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሁሉንም ደግመህ ታጠብቃለህ። የእስፔሰሩ ዳዶ ከጎማው ሥር ስለተደበቀ ጎማውን አውርደህ ማለት ነው። ይህን ያደረግህ ዕለት ጻፍልኝ። እስክትጽፍልኝ ድረስ እጠብቃለሁ።

አጎትህ ታደለ


ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደስታዬን በምን ልግለጽልዎ? ማረውን ቤት አስገብተን በግ አረድንለት። እናቴ ቁልፉን ከነሣጥኑ አንስታ አገላብጣ አየችውና "ይህን እሱ ራሱ ነው የመረጠው?" አለችኝ። አዎ አልኋት። ሣጥኑን አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው፤ ስፈልግ እሷን አስፈቅጄ ነው የማወጣው። ጨርቅ ጠቅልላበታለች።

ትናንት ኅዳር 4 ገጠምሁት። ዛሬ አቦ ስለሆነ አርፌ እጽፋለሁ። ያሉኝን አንድም አላስቀረሁ። ደብዳቤዎን መሬት ላይ ዘርግቼ አራት ጥግ በድንጋይ አስይዤ እያነበብሁ ነው የሠራሁት። መቆሚያውን ከወረታ ጋራዥ ተዋስሁ። ግራሶው ግን ሊያስተኝ ነበር፤ እጄ ከልማዱ ጣሳው ውስጥ ገብቶ ካነሣሁ በኋላ ነው የእርስዎ ቃል ትዝ ያለኝ። የኋላ ግራው ላይ ዝገቱ ብዙ ስለነበር ፈትጌ ፈትጌ ክንዴ ዛለ። ከዚያ አራቱም ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። እንዲህ የሚያስደስት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መሪውን እስከ ጥጉ አዞርሁ፣ ምንም አልነካም። ጎረቤቶቹ ፒካፗ ደረቷን ነፋች ብለው ሳቁ።

ማጥበቂያውንም አስቤበታለሁ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ፕላስተር ላይ ጽፌ መሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። እስከ 11 ድረስ ድንኳንና አግዳሚ ከወረታ ሳመላልስ ሰባ ያህል እደርሳለሁ። ሰማንያውን የምታልፈው እንግዲህ በ12 ነው፣ ሰዎቹን ሳመላልስ። በሚካኤል ዕለት ቁልፍ ማንሣት እንደማይሆን እርስዎ ያውቃሉ፣ ያውም በዓመታዊው። ስለዚህ 13 ጠዋት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሁሉንም አጠብቃለሁ። ከመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

እናቴ ሰላም ብላዎታለች። ቁልፉ ጥሩ ነው በልልኝ ብላለች።

ሰውመሆን


ሻርጃ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማህደር፣ ይህን ዛሬውኑ አትመሽ ላኪው። ሚኒባስ ከሌለ ሰው ፈልጊ።

ሰውመሆን ልጄ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አደርሳለሁ። ደብዳቤህ አሁን ደረሰኝ። 13ን አትጠብቅ። ይህ እንደደረሰህ፣ ኪሎ ሜትሩ ስንትም ይሁን፣ ጎማዎቹን አውርደህ አጥብቅ። ማጥበቅ ቢቀድም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሲዘገይ ነው። ይህን በጥቅምቱ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ። ሰማንያ ብዬህ አንተ ሰማንያን ጠበቅህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አባትህ በመኪና ሞተ ብለንሃል። ያኔ አሥር ዓመትህ ነበር። ጎማው ለምን እንደወለቀ ግን ማንም አልነገረህም። ሰኔ 10 ቀን 2000 ዓ.ም. የመኪናውን የኋላ ግራ ጎማ አውርጄ የገጠምሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ አዲስ ዘመን ከተማ ደርሰን ተመለስን። በ12 ጠዋት፣ በሰኔ ሚካኤል፣ ደግሜ ላጠብቀው ቁልፉን ይዤ ተንበርክኬ ነበር። በዓል ነው ብዬ አስቀመጥሁት። ነገ ይደርሳል አልሁ። ከሰዓት በኋላ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ይዘው መጡ። እሷን ማድረስ በበዓልም የተፈቀደ ነው፤ አባትህ ጭኗት ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። ዓለም በር ሳይደርስ ጎማው ወለቀ። ሴትዮዋ ተረፈች፣ ልጇንም በሰላም ተገላገለች። ወንድሜ አልተረፈም። በማግስቱ መንገዱ ላይ ዳዶ ስለቅም ዋልሁ፤ ከስድስቱ አራቱን አገኘሁ።

ቀብሩ እንዳለቀ ከእናትህ ፊት መቆም አቃተኝ። በዓመቱ አገር ለቅቄ ወጣሁ። በመስከረም ስትጽፍልኝ "አትግጠም" ብቻ ያልሁህ ምክንያቱን ብጽፍ ይህን መጻፍ ስለነበረብኝ ነው። እዚህ በቀን አርባና ሃምሳ ጎማ አጠብቃለሁ፤ የሄደውን መኪና ሁሉ እስኪሰወር አየዋለሁ። ሰዎቹ ይስቁብኛል።

ሚካኤልን አላቃልልም፣ ስለቴም የእሱ ነው። ግን ደብዳቤው በበዓሉ ዕለት ቢደርስህም አጥብቅ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይቆጠር። ሰው ጭነህ እንዳትነሣ፣ ልጄ። ስታጠብቅ ቁጥሩን ጻፍልኝ።

አጎትህ ታደለ

(ማህደር ነኝ። ኅዳር 10 ጠዋት ለሹፌሩ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ሰውሜ፣ አንብቤዋለሁ፤ ሳላነብ ማተም አልችልም። እባክህ ቶሎ።)


ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ፣

ሁላችንም በሕይወት አለን። ከሁሉ በፊት ይህን ያንብቡ።

በ10 እና በ11 የባሕር ዳሩ መንገድ ተዘግቶ ስለዋለ ሚኒባሱ አልመጣም። ደብዳቤዎን ያገኘሁት በ12 ነው። ሹፌሩ ራሱ ለንግሡ ሲመጣ ፖስታውን በኪሱ ይዞ መጣ። ታቦቱ ገብቶ ሰው ሊበተን ነበር። ጠዋት ሰዎቹን በሁለት ዙር አምጥቻቸዋለሁ፤ አሥሩ ዋርካው ሥር ተቀምጠው መልሰን ይሉኛል፣ አሥራ አንደኛው ሽማግሌ ካሶኔው ላይ ወጥተው ቦታ ይዘዋል። ከገጠምሁት ወዲህ ኪሎ ሜትሩ ዘጠና አንድ ደርሶ ነበር።

ቆሜ አነበብሁት። የመኪናዋ ደረጃ ላይ ቁጭ አልሁ። ለ13 ጠዋት ብዬ እናቴን አስፈቅጄ ያወጣሁት ቁልፍ ከነመሣሪያው ከወንበሩ ኋላ አለ፣ እጄ ግን ወደዚያ አልሄድልህ አለኝ። ሕዝቡ በሙሉ ነጭ ለብሶ እያየኝ በሚካኤል ደጅ ብረት ላነሣ? ሰዎቹን ጭኜ ልሂድ? ለአንዱም ጉልበት አጣሁ። እናቴ ከሩቅ አይታኝ መጣች። ምን ሆንህ አለችኝ። አጎቴ ነው አልኋት። አንብብልኝ አለች።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ዓይኗን ከጎማው ላይ አላነሣችም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ቁልፉን አስቀምጥ ያለው ማን እንደሆነ ጽፏል?"

"አልጻፈም። በዓል ነው ብዬ አስቀመጥሁት ነው ያለው።"

"ደግመህ እይ እስኪ።"

ደግሜ አየሁ። የለም አልኋት። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ የመኪናዋ በር ላይ ሰቀለችው። "አምጣው ቁልፉን" አለች። "እማ፣ ሚካኤል እኮ ነው" አልኋት። "አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማውቀው። አምጣው።"

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዲት ሴት "ጥሩብርሃን ምን ነካት?" ስትል ሰማሁ። ቄስ ባምላክ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው መጡና እጄ ላይ የተዘረጋውን ደብዳቤ ተቀብለው አነበቡት። እሳቸው የአባቴን ፍትሐት የፈቱ ናቸው። አጣጥፈው መለሱልኝና ሄዱ። ተቆጥተው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ትልቅ ድንጋይ ታቅፈው ተመለሱ፣ ጎንበስ ብለውም ከፊት ጎማው ሥር አስደገፉት። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ የለም፤ ሽማግሌውንም ከካሶኔው አወረዷቸው።

አራቱንም ጎማ አወረድሁ። የፊቶቹ ደህና ነበሩ፤ ቁልፉ ገና ስነካቸው ቀጭ አለ። የኋላ ቀኙም እንዲሁ። የኋላ ግራው፣ ያ ዝገት የነበረበት፣ የጎማው ዳዶዎች ደህና ሆነው ከሥር ያሉት የእስፔሰሩ ዳዶዎች ሦስቱ ላልተዋል። አንዱን በጣቴ አዞርሁት፤ በጣቴ፣ አጎቴ። እስፔሰሩን አውርጄ ባየው ከኋላው የዝገት ቅርፊት ቀርቶ ኖሯል። ደብዳቤዎ ላይ ምስር ፍሬ ታክል ያሉትን ያክላል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ እኔ በሽቦው ፈተግሁት። ስመልሰው ቁልፉን አብራኝ ያዘች። ቀጭ ሲል "ይኸው ነው?" አለችኝ። ይኸው ነው አልኋት።

ሰዎቹን በሁለት ዙር መለስኋቸው። እናቴ በሁለቱም ዙር አጠገቤ ተቀምጣ ሄደች።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። አንዲት ቃል ሳልጨምር እንድጽፍ አስምላኛለች።

"ዋርሳዬ ታደለ፣ ያን ቀን ቁልፉን አስቀምጥ ያልሁህ እኔ ነኝ። ተንበርክከህ ሳለ ከቤት ወጥቼ ጮኽሁብህ። በሚካኤል ቀን ደጄ ላይ ብረት አታሰማ አልሁህ። ላጥብቅና ልተወው ብለህ ለምነኸኛል፤ እንቢ አልሁ። አሁን ለልጄ ስትጽፍ ይህን አስቀርተህለታል። አሥራ አምስት ዓመት ፊቴን ላለማየት የሄድህ መስሎኝ ነው የኖርሁት። ሰላምታ ስልክልህ አንድ ቀን ተቆጥተህ ትመልስልኛለህ እያልሁ እጠብቅ ነበር፤ አንተ መድኃኒት ልላክልሽ አልህ። እኔ ግን ለማንም አልተናገርሁ። ቤቱ ያው ነው። ለሰኔ ሚካኤል ና። ቅር ብሎኝ አይደለም የምጠራህ፣ ናፍቀኸኝ ነው።"

ቃሏ እዚህ ላይ አበቃ። ሌላ ምን ልጻፍልሽ ብላት እንባዋን ጠርጋ "ኪሎ ሜትሩን ጻፍለት፤ እንቅልፍ እንዲወስደው" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት መቶ ሠላሳ ስድስት ነው። አራቱንም ደግሜ አውርጄ አይቻለሁ፣ የላላ የለም።

ልጅዎ
ሰውመሆን